ሻንጣችሁን ይዛችሁ በመሐል አዲስ አበባ በሰላም እንዴት ታልፋላችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናቴ ጋር በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስንሄድ ሻንጣችን ደብረ ብርሃን ላይ ወርዶ ቀረ። የወሰደው ሌባ አልነበረም። የእኛን የሚመስል ጥቁር ሻንጣ የነበራት አንዲት ተሳፋሪ ናት ተሳስታ ይዛው የወረደችው። እኛ ወንበራችን ላይ ሆነን ዳቦ እየበላን ነበር። ደሴ ደርሰን የተሰጠንን ሻንጣ ስንከፍተው የማናውቀው ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወጣ። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከእኛው ሻንጣ ጋር ሄዷል። ያን ምሽት ፋርማሲ ፍለጋ ስንዞር አመሸን።

ከዚያ ወዲህ መንገድ በወጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ልብ እላለሁ። ዕቃ በአብዛኛው የሚጠፋው መኪናው ሲሄድ አይደለም። ሲጫን፣ ሲወርድ፣ ሒሳብ ሲከፈል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። ከታች የጻፍኩትም ስለ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

1. ማታውኑ ዕቃችሁን ለዩ

ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ቢጠፋ የምታዝኑበት ዕቃ ነው። ቢጠፋ መንገዳችሁን የሚያስቀረው ግን ከጎናችሁ አይራቅ። መታወቂያ፣ በየቀኑ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የባንክ ካርድ፣ የቤት ቁልፍ፣ ወደ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ፓስፖርት። በአውሮፕላን የምትሄዱ ፓወር ባንካችሁንም በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ብሩንም ክፈሉት። ለታክሲ፣ ለሻይና ለተሸካሚ የሚሆነው ዝርዝር ለብቻው ይሁን። ዋናው ብር ውስጥ ኪስ ይግባ። እናቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረው የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ኪስ አውላቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ብሩ የት እንዳለ ማየት ነው። የታክሲ ለመክፈል ጥቅል ብር ካወጣችሁ ቦታውን አሳያችሁት ማለት ነው።

አሁን ብዙዎቻችን በቴሌብርና በባንክ አፕ ስለምንከፍል ስልካችን ራሱ ቦርሳ ሆኗል። የሚስጥር ቁጥራችሁ የልደት ዓመታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ስልካችሁ ላይ *#06# ስትጽፉ ባለ15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል። ይህ የስልኩ መለያ ነው። በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። የመታወቂያችሁንና የሻንጣችሁን ፎቶ ደግሞ ለምታምኑት የቤተሰብ ሰው ላኩ። ፎቶው በእናንተው ስልክ ላይ ብቻ ካለ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

2. ሻንጣችሁ ከሩቅ ይታወቅ

እናቴ አሁን እጀታው ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ቀይ ጥለት ታስራለች። የእሷ ሻንጣ ከሃያ ሜትር ይታያል። ስምና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ውስጥም ውጭም ይኑር። የሚጻፈው ስልክ ቤት የሚቀር ሰው ስልክ ቢሆን ይመረጣል፣ የእናንተ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። የቤት አድራሻ ግን ውጭ ላይ አትጻፉ። ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማያውቀው ሰው መንገር ነው።

ትንሽ ጓጉንቸር ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ አትመኩበት። የሻንጣ ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ተወግቶ ይከፈታል፤ መሳቢያው ሲሳብበት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይዘጋል። ስለዚህ መሳቢያዎቹን ከእጀታው ጋር አያይዛችሁ ቆልፉ። ያኔ የተከፈተውን ዚፕ መልሶ ለመዝጋት አይመችም፣ የተነካ መሆኑ ያስታውቃል።

በማዳበሪያ ጤፍ ወይም በርበሬ የምትጭኑ ሰዎች አፉን ደመቅ ባለ ክር በወስፌ ስፉት። ነጭ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የራሳችሁን ስፌት ግን በአንድ እይታ ትለዩታላችሁ፤ ሰው ፈትቶ ቢሰፋውም ያስታውቃል።

3. ከቤት እስከ መናኸሪያ

የረጅም መንገድ አውቶቡሶች በሌሊት ስለሚነሱ መስቀል አደባባይም ሆነ አውቶቡስ ተራ 11 ሰዓት ላይ መድረስ ሊኖርባችሁ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሻንጣ እየጎተቱ በእግር መሄድን እኔ አልመክርም። በስልክ የሚጠራ ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ ጥሩ፤ ካልሆነ የሰፈር ላዳ ማታ ቅጠሩ። መኪናው እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ጠብቁ። አስፋልት ዳር ቆሞ ስልክ ማየት በሞተር ለሚነጥቁ ሰዎች ራስን መስጠት ነው። ታርጋውን ስልካችሁ ላይ ከመጣው ጋር ሳታመሳክሩ አትግቡ።

ስትወርዱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሻንጣው ከኋላ ይውረድ፣ ከዚያ ሒሳብ ይከፈል። ሻንጣችሁ ኋላ እያለ እናንተ ስትወርዱ የተቀመጣችሁበትን በር ክፍት ተዉት። በሩ ክፍት ሆኖ ሹፌር በቀላሉ አይነሳም።

ቀን ላይ በስታዲየም፣ በለገሀር፣ በሜክሲኮ ወይም በፒያሳ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ ዘዴዎቹን እወቁ። ሁሉም ዓይናችሁን ከዕቃችሁ ላይ ማንሻ ናቸው። አንዱ ልብሳችሁ ላይ ምራቅ ወይም ቆሻሻ ጣል ያደርግና ይቅርታ እያለ ሊጠርግላችሁ ይጠጋል። ሌላው ካርቶን ደረታችሁ ላይ ያስጠጋል፤ ከካርቶኑ ስር ያለው እጅ አይታያችሁም። ሌላው እግራችሁን ይይዝና ትደነግጣላችሁ። ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ደግሞ «በሩ አልተዘጋም፣ ሳበው» እያሉ ሲያጣድፏችሁ ጎን ያለው ሰው ኪሳችሁን ይፈትሻል። ብዙም ሳይርቁ «በዚህ አንሄድም» ብለው ያወርዷችኋል።

መልሱ ለሁሉም አንድ ነው። ድንገት የሆነ ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ዕቃችሁ ላይ አድርጉ። ልብሳችሁን አትዩ። ቅርብ ያለ ካፌ ወይም ሱቅ ግቡና እዚያ ጥረጉት። ጋቢና ውስጥ ማጣደፍ ከጀመሩ ወዲያው ውረዱ። መንገድ ላይ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡት ልጆች አብዛኞቹ በላባቸው የሚያድሩ ናቸውና ክፉ አትናገሯቸው። አንድ እርምጃ ራቅ ማለት ይበቃል።

በከተማ ባቡሩ ከሄዳችሁ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ቦታ ልብ በሉ። ሁለቱም መስመሮች እዚያ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይረው በእነዚያ ጣቢያዎች ነው። ግፊያ ይበዛል። ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩት። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ባትሳፈሩ ይሻላል።

4. መናኸሪያው ውስጥ

አውቶቡስ ተራ መርካቶ ውስጥ ነው፤ ለዓመት በዓል ሰው ሲበዛ መተላለፊያ ይጠፋል። በተለይ ለመስቀል ወደ ጉራጌ የሚሄደው ሰው ብዛት ይታወቃል። ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ትኬት ቁረጡ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ውጡ።

ከመኪና ስትወርዱ ሦስት አራት ልጅ ሻንጣችሁ ላይ እጁን ያሳርፋል። አትጩኹ፣ አትሳደቡም። ደጅህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል ይባላል። አንዱን ራሳችሁ ምረጡ፤ ዋጋውን ሻንጣው ሳይነሳ ተስማሙ፣ ለሌሎቹም ተስማምቻለሁ በሏቸው። ከዚያ ከተሸካሚው ኋላ ተከተሉ እንጂ ከፊት አትምሩ። ከፊት ከሆናችሁ ዕቃችሁን አታዩትም።

ሽንት ቤት መሄድ ግድ ሲሆን ዕቃ ለሰው አደራ መስጠት አለ። አደራ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፣ መቅረትም የለበትም ብዬ አምናለሁ። አደራ የምትሰጡትን ሰው ግን እናንተ ምረጡት። «እኔ ልጠብቅልህ» ብሎ ራሱ የመጣውን አይደለም። ልጆችና ጓዝ ይዛ የተቀመጠች እናት ተነስታ አትሄድም። በተመሳሳይ፣ የማታውቁት ሰው «ይቺን አድርሱልኝ» ብሎ የታሸገ ዕቃ ቢሰጣችሁ በትሕትና እንቢ በሉ።

5. ሲጫንና በየፌርማታው

ሻንጣው ሲገባ ቆማችሁ እዩ። የዕቃው በር እስኪዘጋ አትሳፈሩ። ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ከሆነ ገመዱ ሲታሰር ተመልከቱ። የዕቃ ደረሰኝ ካለ ተቀበሉ፤ ከሌለ የአውቶቡሱን ታርጋና የጎን ቁጥር ፎቶ አንሱ።

አውቶቡሱ ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ከእናንተ አንዱ ወርዶ የዕቃው በር አጠገብ ይቁም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ያላደረግኩት ይህንን ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ በመስኮት እዩ፤ የእናንተን የሚመስል ሲወጣ ረዳቱን ጥሩት።

የእጅ ቦርሳችሁን ከራስጌ መደርደሪያ ላይ አትስቀሉት። ጭናችሁ ላይ ይሁን፣ ማንገቻው ክንዳችሁ ላይ ይጠምጠም። ካርድና ገንዘብ የያዘ ቦርሳ ታቅፎ መተኛት ይቻላል። ከማታውቁት ሰው ደግሞ የተከፈተ መጠጥ አትቀበሉ።

6. ከጠፋ

ስልክ ከሆነ በሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ፣ ቴሌብር ካላችሁ 127፣ ቀጥሎ ባንካችሁ ጋ። ከሌባው ኋላ መሮጥን እርሱት፣ ጊዜው ለእነዚህ ጥሪዎች ነው። ፖሊስ 991 ነው። መታወቂያ ከጠፋ ምትክ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ቅርብ ወዳለው ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

የእናቴ ሻንጣ በአራተኛው ቀን ተገኘ። የአውቶቡሱ ቢሮ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁን የትኬቱን ቁራጭ ነበር። ዕድል ሆኖ እናቴ በመቀነቷ ቋጥራው ኖሯል። በዚያ ቁጥር ረዳቱን አገኙት፣ እሱም ሴትየዋን አስታወሰ። ትኬታችሁን ቤት ገብታችሁ ሻንጣችሁን ሳትከፍቱ አትጣሉ።