እንቅልፌን እንዴት አስመለስኩት

ባንክ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 23 ነው፤ የኔ የምግብ ፍላጎት ግን ከግንቦት ጀምሮ ነው የሚዘጋው። ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። ሌሊት 9 ሰዓት እየነቃሁ ያልታረቀ ሒሳብ መቁጠር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የማታ ቡና ተውኩ። ብዙም ለውጥ የለም። ለካ ጉዱ የቴሌግራም ግሩፑ ኖሯል! አለቃዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «ይህቺን አየሃት?» ይላል፤ በቃ፣ እንቅልፍ የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የግሩፑን ድምፅ ማጥፋት ጀመርኩ። አለቃዬን «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ» አልኩት። እስካሁን የደወለው አንዴ ነው፤ እሱም በስህተት።

ሌላው መላ የእናቴ ነው። «ሰባቱን የጸሎት ጊዜ ባትችል ቀትርን እንኳ ያዝ፣ ልጄ» አለችኝ። ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ ምሳ ሰዓቴ። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ፣ ቢሮ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የጥድ ዛፉ ሥር ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ ሰሞን ሐሳቤ እየሾለከ ቢሮ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም የጠፋብኝ 4,500 ብር የት እንደተመዘገበ እዚያው ትዝ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ጸሎቱን አሳጥሬ ሮጥኩ።