የጋቢዬን ሽታ ያስለቀቀው
ጋቢዬን በእጄ አጥቤ አሰጣለሁ፣ ሲደርቅ ግን እምክ እምክ ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ወፍራም ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎችም የሚባዙት ያኔ ነው። ዱቄት ሳሙና ጨመርኩ፣ አልሆነም። ሽቶ ረጨሁበት፣ ባሰበት። ምድጃ አጠገብ ሰቀልኩት፣ ጭስ ጭስ አለ።

የሠራልኝ አቼቶ ነው። ነጩን፣ ሁለት የቡና ስኒ በግማሽ ሳፋ ውሃ አድርጌ 30 ደቂቃ ዘፈዘፍኩት። (አደራ፣ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።) አንዴ አለቀለቅኩት፣ ከጎረቤቴ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ጠመዘዝነው፣ ከዚያ ነፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ በሁለት ገመድ ላይ ዘረጋሁት። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ አብሮ ጠፋ። ጥለቱን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አሸተትኩት፣ ምንም የለም።