በካናዳ የኒውክሌር ፈቃድ ችሎት ላይ በመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ አስተያየት ማቅረብ፦ ለነዋሪዎችና ለማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

ኦንታሪዮ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው በኒውክሌር ጣቢያዎች ነው። ከሦስቱ ጣቢያዎች ሁለቱ፣ ማለትም ፒከሪንግና ዳርሊንግተን፣ ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ የተተከሉ ናቸው፤ በተለይ ፒከሪንግ ከከተማዋ መሀል ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ በስካርቦሮም ሆነ በኤጃክስ ለሚኖር ሐበሻ የቅርብ ጎረቤት ነው። ጣቢያዎቹ የሚሠሩት የካናዳ የኒውክሌር ደኅንነት ኮሚሽን በሚሰጣቸው ፈቃድ ሲሆን፣ ዋና ዋና ፈቃዶች ሲሰጡና ሲታደሱ ኮሚሽኑ ሕዝብ የሚሰማበት ችሎት ይከፍታል። በዚህ ችሎት ላይ ተዘጋጅቶ ለመቅረብ የሚያስፈልገው ወጪ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራው የተሳታፊዎች የገንዘብ ድጋፍ መርሐ ግብር ሊሸፈን ይችላል። ድጋፉ የተቋቋመው ለተቃዋሚም ለደጋፊም ሳይሆን፣ ኮሚሽኑ ከሌላ ቦታ የማያገኘውን መረጃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። ማመልከቻዎን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በዚህ መንፈስ ከቃኙት አብዛኛው ሥራ ተቃለለ ማለት ነው።

የሚያናግሩት ማንን እንደሆነ ይወቁ

ኮሚሽኑ በ2000 ሥራ ላይ በዋለው የኒውክሌር ደኅንነትና ቁጥጥር ሕግ መሠረት የተቋቋመና በ1946 የተመሠረተውን የአቶሚክ ኃይል ቁጥጥር ቦርድ የተካ፣ እንደ ፍርድ ቤት ችሎት የሚያስችል አካል ነው። እስከ ሰባት የሚደርሱ ቋሚ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ውሳኔ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ሥር የሚሠሩት ባለሙያዎች ጣቢያዎችን ይመረምራሉ፣ የውሳኔ ሐሳብም ያቀርባሉ እንጂ አይወስኑም። ይህንን ልዩነት ያልተረዳ ሰው አስተያየቱን ከባለሙያዎቹ ጋር እንደሚደረግ ሙግት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሊያሳምን የሚገባው ግን አባላቱን ነው።

ከኮሚሽኑ ወጪ 70 በመቶ ያህሉ ከባለፈቃዶች በሚሰበሰብ ክፍያ የሚሸፈን ሲሆን፣ ቀሪው ፓርላማው ከሚያጸድቀው በጀት ይመጣል፤ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍያው ነፃ ናቸው። ተቆጣጣሪው ደመወዙን ከሚቆጣጠረው ያገኛል የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም። ክፍያው በደንብ የተወሰነ መሆኑ ወቀሳውን ያለዝበዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ለገለልተኛ ወገን ምርመራ ገንዘብ መመደቡን ተገቢ የሚያደርገው አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ገንዘብ ከመጠየቅዎ በፊት የተከፈለበትን ጥናት ያንብቡ

የመንግሥት የደኅንነት ምርምር ገንዘብ በተለያዩ መስመሮች ይፈስሳል። ኮሚሽኑ ራሱ የምርምርና ድጋፍ መርሐ ግብር አለው፤ በዚህም ለቁጥጥር ሥራው የሚያስፈልጉትን ጥናቶች ለውጭ ተቋማት በውል እየሰጠ ያሠራል። የአቶሚክ ኢነርጂ ኦፍ ካናዳ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ደግሞ በፌዴራል የኒውክሌር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕቅድ አማካይነት በዓመት ወደ 76 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እያወጣ፣ በአብዛኛው በቾክ ሪቨር በሚገኙት ቤተ ሙከራዎች ጤናን፣ ደኅንነትንና አካባቢን የሚመለከቱ ምርምሮችን ያስጠናል። የጣቢያዎቹ ባለቤቶችም በጋራ ማኅበራቸው በኩል የራሳቸውን ምርምር ያካሂዳሉ፤ ሆኖም ከመካከሉ ለሕዝብ ሳይወጣ የሚቀር አለ።

ለነዋሪ እጅግ የሚጠቅመው ግን የኮሚሽኑ ገለልተኛ የአካባቢ ክትትል መርሐ ግብር ነው። ባለሙያዎቹ ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ማንኛውም ሰው ከሚደርስባቸው ቦታዎች፣ የአየር፣ የውኃ፣ የአፈርና የምግብ ናሙና ይወስዳሉ፤ ውጤቱንም በቦታ በቦታው ለይተው ያወጣሉ። ቁጥሩን ሲያዩ የሚያመዛዝኑበት መለኪያ በሕግ ለሕዝብ የተቀመጠው የጨረራ መጠን ገደብ ሲሆን፣ እሱም በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ውጤቱ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው፣ አደጋ አለ ብሎ መጮህ ተሰሚነትን ያሳጣል። ይልቅ ናሙናው የት እንዳልተወሰደ፣ በየስንት ዓመቱ እንደሚወሰድ፣ እርስዎና ጎረቤቶችዎ የምትመገቡት ነገር በናሙናው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። በጥናት ዘገባዎችም ውስጥ ከመደምደሚያው በፊት አዘጋጆቹ የሥራቸውን ውስንነት የሚዘረዝሩበትን ክፍል ፈልገው ያንብቡ። ተመራማሪው ራሱ ‘ይህን አላየሁም’ ያለበት ቦታ ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። ሙሉ ዘገባው ካልተለጠፈ በቀጥታ ኮሚሽኑን ይጠይቁ፤ ካልተሳካ በመረጃ የማግኘት ሕግ መሠረት በ5 ዶላር ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን መልሱ ከችሎቱ ቀን በኋላ ሊደርስ ስለሚችል ቀደም ይበሉ።

ጥያቄዎ የኮሚሽኑ ሥልጣን መሆኑን ያረጋግጡ

ብዙ አስተያየት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን በምሳሌ ላስረዳ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2020፣ እሑድ ማለዳ፣ በመላው ኦንታሪዮ ስልኮች ጮኹ፤ መልእክቱም በፒከሪንግ ጣቢያ አንድ ድንገተኛ ሁኔታ መከሰቱን የሚያሳውቅ ነበር። ማንቂያው በስህተት የተላከ ነበር፤ ይህንን የሚገልጸው ማስተካከያ በስልክ የደረሰው ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። ስህተቱ የተፈጠረው ጣቢያው ውስጥ ሳይሆን፣ በክፍለ ሀገሩ የድንገተኛ አደጋ ማዕከል ውስጥ በተለመደ ሙከራ ወቅት ነው። ከጣቢያው አጥር ውጭ ያለውን የአደጋ ምላሽ የሚመራው የኦንታሪዮ መንግሥት በመሆኑ፣ ስለዚያ ማንቂያ ለኮሚሽኑ አቤት ማለት ከሳሽን ያለ ሥልጣኑ ፍርድ ቤት ማቆም ይሆናል።

የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒን ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አደጋ ቢደርስና ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ቢለቀቅ የእንቅርት ዕጢን የሚከላከለው ይህ ኪኒን በጣቢያው ዙሪያ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉ ቤቶች አስቀድሞ እንዲታደል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ላሉት ደግሞ ሲጠይቁ እንዲሰጥ የተደረገ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሰፊ ዕደላ የተካሄደው በ2015 ነው። ኪኒኑና ከእሱ ጋር የሚታደለው መረጃ ባለፈቃዱ ከሚጠየቅባቸው የዝግጁነት ግዴታዎች ውስጥ ስለሆኑ ኮሚሽኑ ሊመረምራቸው ይችላል። የኤሌክትሪክ ዋጋ፣ ከኒውክሌር ይልቅ ንፋስና ፀሐይ ይሻላል ወይ የሚለው ክርክር፣ የክፍለ ሀገሩ የኃይል ፖሊሲ ከፈቃድ ችሎት ውጭ ናቸው።

ጥያቄውን አጥብበው ማመልከቻውን ይጻፉ

በፒከሪንግ አቅራቢያ አረጋውያን አባላት ያሉት አንድ የማኅበረሰብ ማኅበር ለድጋፍ ሊያመለክት አስቧል እንበል። ‘የኒውክሌር ጣቢያው በማኅበረሰባችን ጤና ላይ ያለውን ተጽዕኖ ማጥናት’ ብሎ ከጻፈ ጥያቄው በዚህ ገንዘብም በዚህ ጊዜም የማይመለስ በመሆኑ ወዲያው ይወድቃል። ‘በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ አረጋውያን የኪኒኑን መመሪያ ያውቁታል ወይ፣ በባለፈቃዱ የሕዝብ መረጃ መርሐ ግብር ውስጥስ ለእነሱ የተያዘ ምን አለ?’ ብሎ ከጻፈ ግን ጥያቄው ከፈቃዱ ጋር የተያያዘ፣ በጥቂት ወራት የሚመለስና ማኅበሩ ከማንም የተሻለ የሚያውቀው ይሆናል።

ለድጋፉ ነባር ሕዝቦች፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችና በጉዳዩ ላይ የአካባቢ እውቀት ያላቸው ግለሰቦች ማመልከት ይችላሉ። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ችሎት የተመደበውን ጣሪያና የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ለየብቻው ያስታውቃል፤ ማመልከቻዎቹን የሚመረምረውና ለማን ምን ያህል ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ የሚያቀርበው ከኮሚሽኑ ሠራተኞች ውጭ የሆነ ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። አመልካች ብዙ ሲሆን ገንዘቡ ስለሚከፋፈል፣ ከተጠየቀው አንሶ የሚሰጠው ብዙ ነው። ስለዚህ በጀቱን ሲያዘጋጁ የትኛው ሥራ ቢቀር ሌላው ሊቀጥል እንደሚችል እንዲታይ አድርገው ይከፋፍሉት። ‘የባለሙያ ክፍያ’ ብሎ አንድ ድምር ማስቀመጥ ገምጋሚን ያጠራጥራል፤ ‘የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ባለሙያ፣ የባለፈቃዱን የመረጃ ዕቅድ መርምሮ የ10 ገጽ ዘገባ ለመጻፍ፣ 40 ሰዓት’ የሚል መስመር ግን ራሱን ያስረዳል። ከእሱ ሥር የአስተርጓሚ፣ የትርጉምና የጉዞ ወጪ እያንዳንዱ በየመስመሩ ይግባ። ድጋፉ በውል የሚሰጥ በመሆኑ ውሉ ሳይፈረም ገንዘብ አያውጡ፣ ደረሰኝም አይጣሉ።

አንድ ነገር ከልብ ይያዙ፦ ገንዘብ መጠየቅና በችሎቱ ላይ ለመሰማት መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከሁለተኛው ወራት ሊቀድም ይችላል፤ ድጋፍ የተፈቀደለት ሰውም የመሰማት ጥያቄውን ለብቻው ማስገባት ይኖርበታል። በኮሚሽኑ የሥነ ሥርዓት ደንብ መሠረት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከችሎቱ 30 ቀን አስቀድሞ መግባት ያለበት ሲሆን፣ በጉዳዩ ላይ ጥቅም ወይም ሙያ እንዳለዎት፣ አለዚያም ለውሳኔው የሚረዳ መረጃ መያዝዎን ማሳየት አለበት።

ጽሑፉና አሥሩ ደቂቃ

የጽሑፍ አስተያየቱ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይቀርባል። መዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን የሌላ ሰው ሕመም፣ አድራሻ ወይም ስም አያስገቡበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ኮሚሽኑ እንዲያደርግ የሚፈልጉትን ነገር በፈቃድ ቋንቋ ያስቀምጡ። ‘አሳስቦናል’ የሚል አረፍተ ነገር ለአባላቱ የሚወስኑበት ነገር አይሰጣቸውም፤ ‘ባለፈቃዱ የኪኒኑን መመሪያ በአካባቢው በብዛት በሚነገሩ ቋንቋዎች እንዲያዘጋጅና በአንድ ዓመት ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርግ ይታዘዝልን’ የሚለው ግን ይቀበሉት ወይም ይጣሉት ዘንድ ያስገድዳቸዋል። ባለሙያዎ የጻፈው ዘገባ በአባሪነት ይያያዝ።

በቃል የሚያቀርብ ሰው በአብዛኛው 10 ደቂቃ ይሰጠዋል። አባላቱ ጽሑፉን አስቀድመው ስለሚያነቡ እሱን መልሶ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። ዋናው ፍሬ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በሚቀርቡት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ አባላቱ የእርስዎን ነጥብ ይዘው ወደ ባለፈቃዱና ወደ ባለሙያዎቹ ዞረው ‘ይህ እውነት ነው ወይ?’ ሲሏቸው፣ የሚሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ በኋላም ይጠቀሳል። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ቢመጣብዎ በጽሑፍ ለመመለስ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከመገመት እጅግ ይሻላል።

ከውሳኔው በኋላ

ኮሚሽኑ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያወጣል። የተጠየቀው ሁሉ እንደተጠየቀ እንደማይጸድቅ በ2022 በኒው ብረንስዊክ ታይቷል፦ የፖይንት ሌፕሮ ጣቢያ ባለቤት የ25 ዓመት ፈቃድ ጠይቆ፣ የኮሚሽኑ ባለሙያዎችም 20 ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ሳለ፣ ረጅሙ ጊዜ የሕዝብን የመሰማት ዕድል ያጠብባል የሚሉ ብዙ አስተያየቶች የቀረቡለት ኮሚሽን የሰጠው 10 ዓመት ነው።

በውሳኔው የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን በ30 ቀናት ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲመረመር ማመልከት ይችላል፤ በአስተያየት ሰጪነት ያስመዘገቡት ጽሑፍ ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በመሠረቱ የሚያየው ኮሚሽኑ ፊት የቀረበውን መዝገብ ነውና። በኦታዋ ወንዝ አቅራቢያ በቾክ ሪቨር ዝቅተኛ ጨረራ ላለው ቆሻሻ ማከማቻ እንዲገነባ ኮሚሽኑ በጃንዋሪ 2024 ሲፈቅድ፣ የኬባዎዌክ ፈርስት ኔሽን ነባር ሕዝቦች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም በፌብሯሪ 2025፣ ኮሚሽኑ የተባበሩት መንግሥታትን የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በአግባቡ አልተመለከተም ብሎ ምክክሩ እንዲቀጥል አዘዘ፤ ባለፈቃዱ ግን ይግባኝ ብሏል።

የሚቀጥለው የፈቃድ እድሳት ብዙ ዓመት የሚርቅ ከሆነ በየዓመቱ የሚወጣውን የጣቢያዎች የቁጥጥር ክትትል ሪፖርት ይጠብቁ። በእሱም ላይ የጽሑፍ አስተያየት መስጠት ይቻላል፤ ለግምገማውም ከዚሁ መርሐ ግብር ድጋፍ የሚመደብበት ጊዜ አለ፤ የሚጠየቀው ገንዘብም ሥራውም አነስተኛ ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት አመልክቶ ለማያውቅ ማኅበር ከትልቁ ችሎት ይልቅ ከዚህ መጀመሩ ይመረጣል።