ቦምቦሊኖ ዘይት እንዳይጠጣ

ቦምቦሊኖ ቤት ውስጥ ለሚጠብሱ ሁሉ አንድ ምክር ላካፍል እወዳለሁ። ከሻይ ጋር የምንወደው ይህ ጣፋጭ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሊጡ ሳይሆን በዘይቱ ሙቀት ምክንያት ነው፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል ሊጡ ከገባ ቅርፊቱ ቶሎ ስለማይጠብቅ ዘይት እየመጠጠ ይከብዳል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። ተስማሚው ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው የደረቀ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ በዙሪያው ትናንሽ አረፋዎች ያለማቋረጥ መውጣታቸውን መመልከት ይበቃዋል። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ መጨመር ዘይቱን ስለሚያቀዘቅዘው ሦስት ወይም አራት ብቻ እየጨመሩ በመካከለኛ እሳት ይጥበሱ።

ሊጡ በክብ ከተቆረጠ በኋላ በጨርቅ ተሸፍኖ ዳግመኛ እንዲነፋ መተውም ግድ ነው፤ ለቦምቦሊኖ ልስላሴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ ብዬ አላምንም። በጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ጉድጓዱ በዝግታ የሚመለስ ከሆነ ለመጠበስ ደርሷል። ስኳሩ የሚነሰነሰው ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ቦምቦሊኖው ለብ ሲል ነው፤ እንደ ጋለ ከተነሰነሰ ይቀልጣል፣ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ግን አይይዝም።