የጋላክሲ ክምችትን መጠነ ቁስ በኤክስሬይና በስበት ሌንስ እንዴት መለካት ይቻላል?

በአንድ የጋላክሲ ክምችት ውስጥ ካለው ቁስ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ብርሃን የማይሰጥ ጨለማ ቁስ ነው፤ ከቀሪውም አብዛኛው በጋላክሲዎቹ መካከል የተንሰራፋ እጅግ የጋለ ጋዝ እንጂ ከዋክብት አይደለም። ስለዚህ ጋዙን በኤክስሬይ፣ አጠቃላዩን ቁስ ደግሞ ስበቱ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ከሚያጣምምበት መጠን (ይህ ማጣመም የስበት ሌንስ ይባላል) መለካት ያስፈልጋል። ለመለማመጃ በቪርጎ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ የሚገኘውን አቤል 1689 የተባለ ክምችት መምረጥ ይበጃል፤ የቻንድራ ኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕም ሆነ የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ምልከታዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው፣ የሁለቱ ዘዴዎች ውጤት አለመጣጣምም ተመራማሪዎችን ለዓመታት አነጋግሯል።

ከኤክስሬይ መጀመር ይቀላል። የቻንድራ ጥሬ መረጃ እያንዳንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የት፣ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደደረሰ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ነው። በቅድሚያ የጀርባ ጨረሩ በድንገት ያሻቀበባቸውን ጊዜያት ይቁረጡ፤ ከክምችቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ነጥብ መሰል ምንጮችም ይሸፍኑ። ከዚያም ምስሉን ከማዕከሉ ወደ ውጭ በቀለበት ከፋፍለው የየቀለበቱን ስፔክትረም (ጨረሩ በየኃይሉ መጠን ያለውን ስርጭት) ኤክስስፔክ በተባለው ሶፍትዌር ከጋለ ጋዝ ሞዴል ጋር ያነጻጽሩ። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ማረጋገጫ የብረት መስመር፣ ማለትም በጋዙ ውስጥ ያለው ብረት በተወሰነ ኃይል የሚሰጠው ጨረር ነው፦ መስመሩ በመነሻው 6.7 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት (የፎቶን ኃይል መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ የክምችቱ ሬድሺፍት (ብርሃኑ በጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት የተለጠጠበት መጠን) 0.183 በመሆኑ እኛ ዘንድ ሲደርስ 5.7 አካባቢ መታየት አለበት። በሌላ ቦታ ከታየ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከመሄድ በፊት የኃይል ልኬቱን መፈተሽ ይገባል።

የስፔክትረሙ ቅርጽ የጋዙን ሙቀት ይነግራል፤ ለአቤል 1689 ወደ 100 ሚሊዮን ኬልቪን ይጠጋል። እፍግታው የሚገኘው ከድምቀቱ ነው። ሁለቱ ከማዕከሉ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚቀንሱ ከታወቀ፣ የጋዙ ግፊት ከስበቱ ጋር ሚዛን ላይ ነው ብሎ በመነሣት መጠነ ቁሱን ማስላት ይቻላል። ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባለው ሌላ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕና ቻንድራ የለኩትን ሙቀት በአንድ ግራፍ ላይ መቀላቀል ግን አይመከርም፤ በጣም ለጋሉ ክምችቶች የቻንድራ ንባብ ከፍ የማለት ልማድ አለው።

የስበት ሌንሱ ሥራ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በማዕከሉ አካባቢ ሐብል ያነሣው ምስል ላይ ቀስት መሰል ቅርጾች ይታያሉ፤ እነዚህም የአንድ የሩቅ ጋላክሲ ተደጋጋሚ ምስሎች መሆናቸው የሚለየው በቀለማቸውና በሬድሺፍታቸው አንድነት ነው። ከማዕከሉ ርቆ ያለው መጣመም እጅግ ደካማ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ጋላክሲ የተፈጥሮ ሞላላነት ይበልጠዋል፤ በመሆኑም ምልክቱ የሚወጣው የብዙ ጋላክሲዎችን ቅርጽ በአማካይ በመውሰድ ብቻ ነው። ቴሌስኮፑ ራሱ የሚያመጣውን መዛባት በከዋክብት ቅርጽ ያርሙ። የክምችቱ አባላት ከኋላ ካሉት ጋላክሲዎች ጋር ከተቀላቀሉ ምልክቱን ያቀጥኑታል፤ በእኔ ግምት ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም ቅርጾቹን ሁሉ በ45 ዲግሪ አዙረው ስሌቱን ይድገሙት፤ ውጤቱ ከዜሮ በግልጽ ከራቀ ያልታረመ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ሁለቱን ውጤቶች ለማስታረቅ አለመቸኮል ይገባል። በአቤል 1689 ማዕከል የሌንሱ ልኬት ከኤክስሬዩ እስከ እጥፍ ገደማ ልቆ ተገኝቶ ነበር። ሌንሱ በእይታ መስመር ላይ ያለውን ቁስ ሁሉ ደምሮ ስለሚቆጥር፣ ክምችቱ ወደ እኛ አቅጣጫ የተራዘመ ከሆነ ልዩነቱ በአብዛኛው ይብራራል። ጋዙ ሚዛኑን በሳተበት ክምችት ደግሞ የኤክስሬዩ ስሌት አይሠራም። የሁለት ክምችቶች ግጭት በሆነው በቡሌት ክላስተር ላይ በ2006 የወጣው ጥናት የሌንሱን ካርታ ከኤክስሬዩ ጋር ሲያነጻጽር፣ የአጠቃላዩ ቁስ ጫፎች ከጋዙ ተነጥለው ጋላክሲዎቹ ባሉበት ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ክምችት ከኤክስሬዩ የጋዙን መጠን ብቻ ወስዶ አጠቃላዩን ቁስ ለሌንሱ መተው ይመረጣል።