የአማርኛ ብሎግ በራስ እጅ፦ ክብደት፣ ፎንት፣ ፍለጋና ቀን

የድረ ገጽ ሙያ እንዳይዝግ ከፈለጋችሁ የግል ብሎግ የሚያህል መለማመጃ የለም። እውነተኛ አንባቢ አለው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለቤቱ ነው፣ ምን ይሻሻል የሚለውንም የሚወስነው እሱው ራሱ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ ብሎግ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ያሠራል። ገበያ ላይ ያሉት ቴምፕሌቶች አብዛኞቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ስለሆኑ የእኛ ፊደል ሲገባባቸው መስመሩ ይጣበባል፣ ፍለጋው ያለውን ጽሑፍ የለም ይላል፣ ቀኑም ይዛነፋል። እነዚህን አንድ በአንድ ማቃናት ከኤችቲኤምኤል እስከ ጃቫስክሪፕት ያለውን ሁሉ በእጅ ያስነካል።

እዚህ የምናወራው ጽሑፎቹ በማርክዳውን (በቀላል ምልክት በሚቀረጽ ተራ ጽሑፍ) ፋይል ተቀምጠው፣ እንደ ሁጎ ወይም ኢለቨንቲ ባለ መሣሪያ ወደ ገጽ ተለውጠው፣ ጊትሃብ ፔጅስ ወይም ክላውድፍሌር ፔጅስ ላይ በነፃ ስለሚቀመጡበት ብሎግ ነው። ዎርድፕረስ የምትጠቀሙም አብዛኛውን በቴማችሁ ላይ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ሳትለኩ አትንኩ

ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቱ። «ዲሴብል ካሽ» (የተቀመጠ ቅጂ እንዳይጠቀም) ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ገጹን እንደገና ጫኑ። ከታች በኩል የሚወጣውን ጠቅላላ ክብደትና የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ። ቀጥሎ ገጹን በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ አስመርምሩ። ጎግል ጥሩ የሚላቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ፦ ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ገጹ ለንክኪ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ፣ የገጹ መንሸራተት (ሲጫን ጽሑፉ ከቦታው የሚዘልበት ነጥብ) ደግሞ ከ0.1 እንዳይበልጥ።

አንድ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ሆሄ በኮምፒዩተር የሚቀመጥበት አሠራር) ሦስት ባይት ይይዛል። ይህ ብዙ ቢመስልም 1,000 ቃል ያለው ጽሑፍ ሳይጨመቅ እንኳ ከ20 ኪሎባይት እምብዛም አያልፍም። ገጻችሁ 3 ሜጋባይት ከሆነ ጥፋቱ የጽሑፉ አይደለም፤ ወይ ፎቶው ነው፣ ወይ ፎንቱ ነው፣ ወይ ሳታውቁት የተጫነ የሌላ ሰው ስክሪፕት ነው። አንባቢው ዳታ በሜጋባይት እየገዛ የሚያነብ ከሆነ እያንዳንዷ ሜጋባይት ከኪሱ ትወጣለች።

የፎቶው ጉዳይ ቀላል ነው። ከስልክ የወጣውን ፎቶ እንዳለ አትጫኑ። ስኩዎሽ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ወርዱን 1,200 ፒክስል አድርጋችሁ በዌብፒ (ክብደቱ ትንሽ በሆነ የፎቶ ዓይነት)፣ ጥራቱን 75 አካባቢ ይዛችሁ አስቀምጡት፤ ብዙ ሜጋባይት የነበረው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። በምስሉ ታግ ላይ ወርድና ቁመቱን በቁጥር ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ብሮውዘሩ ቦታ ሳይዝለት ይቀርና ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል። ቆይቶ እንዲጫን የሚያደርገውን «ሌዚ» የሚለውን ትእዛዝ ከታች ላሉት ፎቶዎች ብቻ ስጡ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ካደረጋችሁት ዋናው ምስል ይዘገያል፣ ከላይ ያልነው የ2.5 ሰከንድ መለኪያም ይበላሻል። ሌላም አለ፦ የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ያነሳችሁት ከሆነ አድራሻችሁን ለሕዝብ እየሰጣችሁ ነውና ከመጫናችሁ በፊት ይህ መረጃ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ፎንት

መጀመሪያ ፎንት መጫን ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ። አንድሮይድ ኖቶ ኢትዮፒክን፣ ዊንዶውስ ኢብሪማን፣ የአፕል መሣሪያዎች ኬፋን ይዘው ይመጣሉ፤ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ አለ። በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የፎንት ዝርዝር ውስጥ እነዚህን በተርታ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ «ሳንስ-ሴሪፍ» ብትጨምሩ አንድ ባይት ሳይወርድ ደህና ንባብ ይገኛል። ለብዙ ብሎግ ይህ ይበቃል፤ የእኛም ምክር ከዚህ እንድትጀምሩ ነው።

የራሱ መልክ ያለው ብሎግ የሚፈልግ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ይውሰድ። በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጣ ስለሆነ በራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይፈቀዳል። ሙሉው ፋይል ግን አማርኛ የማይጠቀምባቸውን፣ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተጨመሩ ሆሄያትንም ይዟል። ፓይተን ላይ ፎንትቱልስን (ፎንት የሚቆርጥ መሣሪያ) ጫኑና ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት) 1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ክልል ብቻ ቆርጣችሁ በዎፍ2 (በተጨመቀ የድረ ገጽ ፎንት ፋይል) አውጡ። የሚዘነጋው ነገር የቃላት ክፍተቱ፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮችና « » ከዚህ ክልል ውጭ መሆናቸው ነው። እነሱን ካልጨመራችሁ ከሌላ ፎንት ስለሚመጡ ዓመተ ምሕረቱ ከአጠገቡ ካለው ቃል ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ይታያል።

ፎንቱን በሲኤስኤስ ስታስተዋውቁ ማሳያውን «ስዋፕ» በሉት፤ አለዚያ ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ አንባቢው ባዶ ገጽ ላይ ሊያፈጥ ይችላል። አስቀድሞ እንዲወርድ በገጹ ራስጌ «ፕሪሎድ» ብላችሁ ካዘዛችሁ «ክሮስኦሪጅን» የሚለውን ቃል አትርሱ። ፎንቱ ያለው በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ቢሆንም እንኳ ቃሉ ከሌለ ብሮውዘሩ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ያወርደዋል፤ ኔትወርክ መስኮቱ ላይ ያው ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄው ነው። ፎንቱ ሲቀየር ጽሑፉ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ለተጠባባቂው ፎንት «ሳይዝ-አድጀስት» የሚባለውን መጠን እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ የሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ እስኪያልቁ ድረስ አስተካክሉ።

መጠኑን 18 ፒክስል፣ የመስመር ከፍታውን 1.7፣ የጽሑፉን ወርድ ቢበዛ 38 ኢኤም (አንድ ኢኤም የፎንቱን መጠን ያህላል) አድርጋችሁ ጀምሩ። የእኛ ሆሄ ሰፊና ቁመቱም ሙሉ ስለሆነ ቴምፕሌቶች የሚሰጡት 1.4 ገጹን ያጨናንቀዋል። የግዕዝ ፊደል ዘመም ጽሕፈት የለውም፤ ብሮውዘሩ ግን «ኢም» የሚለውን (ቃል ለማጉላት የሚጻፈውን) ታግ ሲያይ ሆሄውን በግድ ያጋድመዋል። ለዚህ ታግ ዘመሙን አጥፍታችሁ ውፍረቱን 600 አድርጉት። በመጨረሻም የገጹ ቋንቋ የሚገለጽበት «ላንግ» ላይ ቴምፕሌቱ የተወው «ኢኤን» እንዳለ ከሆነ ወደ «ኤኤም» ቀይሩት፤ ለማየት የተቸገረ አንባቢ የሚጠቀምበት የድምፅ አንባቢ ቋንቋውን የሚለየው በዚህ ነው።

ፍለጋ

አማርኛ ብሎግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው፣ ለመሥራትም በጣም የሚያስደስተው ክፍል ይህ ነው። አንዱ ሰው «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ለኮምፒዩተር ሁለቱ ምንም አይገናኙም። መፍትሔው የሚፈለገውንም ቃል የጽሑፉንም ማውጫ ወደ አንድ መልክ ማምጣት ነው።

ዩኒኮድ ሆሄያቱን በቤተሰብ ስለደረደራቸው ሥራው በመቀነስና በመደመር ያልቃል። ከማንኛውም የሐ ቤተሰብ ሆሄ ቁጥር ላይ 16 ብትቀንሱ በዚያው ድምፅ የሀ ቤተሰብን ታገኛላችሁ። ከኀ ቤተሰብ ላይ 128 ቀንሱ። ከዐ ላይ 48 ስትቀንሱ አ ይሆናል፣ ከፀ ላይ 8 ስትቀንሱ ጸ ይሆናል፣ ሠ ላይ ደግሞ 16 ስትደምሩ ሰ ይመጣል። ይህን ለሰባቱም ድምፆች አድርጉ። ቀጥሎ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፣ በአማርኛ ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ የሆኑት በእነዚህ ቤተሰቦች ነውና። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ኃ መጀመሪያ ሃ፣ ከዚያ ሀ ሆኖ ነው «ኃይል»፣ «ሃይል» እና «ሀይል» አንድ ቦታ የሚገናኙት። ሁሉንም ራብዕ ወደ ግዕዝ የምትመልሱ ከሆነ ግን «ላም» እና «ለም» ይደባለቃሉ፤ ከሁለቱ ሆሄያት አትለፉ።

ለአንባቢ የሚታየውን ጽሑፍ በዚህ አትንኩት። የጸሐፊው አጻጻፍ እንዳለ ይቆይ፣ የሚለወጠው ማውጫው ብቻ ይሁን። ማውጫውን ገጹ በሚገነባበት ጊዜ በጄሰን (መረጃ በሚደረደርበት) ፋይል አውጡት፦ ርእስ፣ አድራሻ፣ የተስተካከለው ጽሑፍ። ሥርዓተ ነጥቦቹን ሁሉ በክፍተት ተኩ፤ አለዚያ «ቡና።» እና «ቡና» ይለያያሉ። ፋይሉ ከገጹ ጋር አብሮ አይጫን፤ አንባቢው የፍለጋ ሳጥኑን ሲነካ ብቻ ይውረድ።

ሌላው የቋንቋችን ጠባይ ነው። «በ»፣ «የ»፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «ስለ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ ከቃል መጀመሪያ ብቻ የሚፈልግ ኮድ «ቡና» ተብሎ «የቡና» እና «ስለቡና» ያመልጡታል። ስለዚህ የትም ቦታ የተገኘውን ይቀበል። ከኋላ የሚመጣው ለውጥ ይበልጥ ያስቸግራል፤ «መጽሐፍ» «መጽሐፉ» ሲሆን የመጨረሻው ሆሄ ራሱ ይቀየራል። ቃሉ አራት ሆሄና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በቀጥታ ተፈልጎ ሲታጣ የመጨረሻዋን ሆሄ ጥላችሁ ድጋሚ ፈልጉ። ለትንንሽ ቃላት ይህን አታድርጉ፤ «ቤት» «ቤ» ሲሆን ብሎጉ በሙሉ ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ከ50 መስመር ብዙም የማያልፍ ጃቫስክሪፕት ነው፤ ምንም ላይብረሪ (ሌላ ሰው ያዘጋጀው ኮድ) ሳትጨምሩ ጻፉት።

ቀን

ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ባለው የቀን ማሳያ ላይ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» ብትሉት ፈረንጅኛውን ቀን ራሱ ወደ ኢትዮጵያው ይለውጠዋል፤ የ13 ወር ሒሳብ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። በፋይሉ ውስጥና በታግ ውስጥ ያለው ቀን ግን ፈረንጅኛው ይሁን፣ የፍለጋ ሞተሮችና የአርኤስኤስ አንባቢዎች (አዲስ ጽሑፍ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች) የሚረዱት እሱን ነው።

ወጥመዱ የሰዓት ክልል ነው። ፋይሉ ላይ «2024-09-11» ብቻ ከተጻፈ ጃቫስክሪፕት በግሪንዊች ሌሊት ዜሮ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ መስከረም 1 ቀን 2017 ያያል፤ ዋሽንግተን ያለው ግን ገና ዋዜማው ላይ ስለሆነ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ይወጣለታል። የእንቁጣጣሽ ጽሑፋችሁ ባለፈው ዓመት የተጻፈ ይመስላል ማለት ነው። በማሳያው ላይ የሰዓት ክልሉን «ዩቲሲ» (የግሪንዊቹ ሰዓት) ብላችሁ ብትቆልፉት ለሁሉም አንድ ይሆናል።

አድራሻና ቴሌግራም

የጽሑፉን አድራሻ በአማርኛ አትጻፉ። ሊንኩ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ሆሄ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ ሃያ ሆሄ ያለው ርእስ ቴሌግራም ላይ 180 የማይነበብ ምልክት ሊሆን ነው። በላቲን ፊደል ሦስት ወይም አራት አጭር ቃል ይበቃል፤ አንዴ ከወጣ በኋላም አይቀየር። የግድ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በ301 (በቋሚ ማሸጋገሪያ) አሸጋግሩ።

ብዙ አንባቢ የሚመጣው ከተጋራ ሊንክ ስለሆነ በየገጹ ራስጌ የኦፕን ግራፍ (ሊንክ ሲጋራ ከሥሩ የሚታየው ቅንጭብ) ርእስ፣ መግለጫና ምስል አስገቡ፤ ምስሉ 1,200 በ630 ፒክስል፣ አድራሻውም ከ«ኤችቲቲፒኤስ» የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ይሁን። ከተለጠፈ በኋላ ምስሉን ብታስተካክሉ ቴሌግራም የያዘውን አሮጌ ቅጂ ማሳየቱን ይቀጥላል። ሊንኩን «ዌብፔጅቦት» ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ስትልኩለት ያድሰዋል።

አሠራሩ

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። በጊት (የፋይል ለውጥን መዝግቦ በሚይዘው መሣሪያ) አዲስ ቅርንጫፍ አውጡ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ክብደትና ሰከንድ በኮሚት መልእክቱ (ለውጡ ሲመዘገብ በሚጻፈው ማስታወሻ) ውስጥ ጻፉ፣ ባረጀ ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩ፣ ከዚያ ቀላቅሉ። ፎንትና ፍለጋን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ገጹ ሲዘገይ ጥፋተኛውን መለየት አይችልም። አዲስ ቴም እየቀያየሩ መዋል ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ ሙያ አይጨምርም። ያለውን እየከፈቱ መጠገን ነው የሚያስተምረው።

የዶሜይን ስም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ከሆነና ካርድ ማግኘት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ክፍያው በተመቸ ጊዜ የብዙ ዓመት ክፈሉ፤ እስከ 10 ዓመት በአንዴ ማስመዝገብ ይቻላል። የምዝገባው ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ መሆን የለበትም፤ ዶሜይኑ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያው የሚደርስበት መንገድም አብሮ ይቋረጣልና።

መጠባበቂያ አለን ከማለታችሁ በፊት ሞክሩት። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሪፖውን (በጊት የተያዘውን የብሎጉን ፋይል ሁሉ) አውርዱና ብሎጉን ከባዶ ገንቡ። ፎቶዎቹ ካልመጡ ከጊት ውጭ በሆነ ፎልደር ውስጥ ናቸው ማለት ነው፤ ግንባታው ራሱ እምቢ ካለ ደግሞ የመሣሪያውን ቅጂ ቁጥር የትም አልጻፋችሁም፤ ሪድሚ በሚባለው የማብራሪያ ፋይል ላይ አስፍሩት።