በአገር ቤት ያለን የድርጅት ንብረት አስይዞ መበደር፦ በውጭ ለሚኖሩ ባለንብረቶች

በአገር ቤት ድርጅት ያለው ሰው ሥራውን ለማስፋት ገንዘብ ሲያስፈልገው ቀድሞ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ቆጥቦ መላክ ነው። ድርጅቱ ሕንፃ፣ ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ ወይም ከደንበኞች የሚሰበሰብ ሒሳብ ካለው ግን እነዚህን በመያዣነት አቅርቦ ከአገር ውስጥ ባንክ መበደር ይቻላል። ገቢው በብር ለሆነ ድርጅት ዕዳውም በብር መሆኑ ይመረጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ በዶላር ተበድሮ በብር የሚሸጥ ሁሉ ዕዳው ያለ ጥፋቱ በእጥፍ ገደማ አድጎበታል።

ባንኮች ለረጅም ጊዜ በዋነኛነት ይቀበሉ የነበሩት ቤትና ተሽከርካሪ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ግን ማሽነሪ፣ የንግድ ዕቃ ክምችት፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ የእርሻ ምርትና የቁም እንስሳት ጭምር በተበዳሪው እጅ እንዳሉ በዋስትና እንዲያዙ ፈቅዷል። ዋስትናው በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚመዘገብ ሲሆን፣ በአንድ ንብረት ላይ ብዙ አበዳሪዎች ሲኖሩ ቅድሚያ የሚሰጠው በመርህ ደረጃ ቀድሞ ላስመዘገበው ነው። ሕጉ ይፍቀድ እንጂ ባንክ ሁሉ ክምችትን ወይም ተሰብሳቢ ሒሳብን በደስታ ይቀበላል ማለት ስላልሆነ፣ ወኪልዎ ሰነድ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት የባንኩን የብድር ክፍል ያነጋግር።

የግምት ነገር ብዙዎችን ያስከፋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ የባንኩ መሐንዲስ የሚገምተው በዋናነት ሕንፃውን ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነም በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የሊዝ መብቱ በመያዣነት እንዲቀርብ የሚፈቅደው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ከ2016 ዓ.ም. በፊት የገባ ማሽን በጉምሩክ ዲክላራሲዮንና በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚታየው በድሮው ምንዛሪ ስለሆነ፣ ግምቱ በወቅታዊ ዋጋ እንዲሠራ በግልጽ መጠየቅ ያዋጣል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ሲከፈል በመሆኑ ባንኩ ይህንን አስልቶ ግምቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

በውጭ ለሚኖር ሰው ዋናው ጥያቄ ግን ንብረቱ ስንት ያወጣል የሚለው ሳይሆን ማን ይፈርማል የሚለው ነው። «ንብረቴን በሙሉ እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለመያዣ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ችግሩ ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ እንዲበደር» የሚል ገደብ የሌለው ወረቀት ለወንድሙ መላኩ ነው። በእኔ ግምት ደህና የሚባለው ውክልና ጠባብ ነው፦ «የካርታ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ሕንፃ፣ ከዚህ ባንክ፣ ለዚህ ድርጅት የሥራ ማስኬጃ፣ ዋናው ገንዘብ ከ5 ሚሊዮን ብር ለማይበልጥ ብድር እንዲያስይዝ፤ የብድሩ ገንዘብ በድርጅቱ ሒሳብ ብቻ ገቢ እንዲሆን።» ወንድምን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ግን ከወንድምዎ እጅ ወጥቶ የባንክ ሠራተኛ፣ ጠበቃና ምናልባትም ዳኛ የሚያነበው ነው። ሰነዱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተዘጋጅቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይመዘገባል።

ንብረቱ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ከሆነ የግል ውክልናዎ ብቻውን አይረዳም፤ ብድሩንና መያዣውን የሚፈቅድ የባለአክሲዮኖች ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ባንኩ ከዚህ በላይ የባለአክሲዮኖችን የግል ዋስትና ከጠየቀ፣ የማኅበሩ ዕዳ ወደ ግል ንብረትዎ የሚሻገርበት በር መሆኑን ተረድተው ይፈርሙ። ያገባ ሰው ደግሞ የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ አስቀድሞ ያዘጋጅ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስያዝም ሆነ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ ለምንም እንደማይበቃ የታወቀ ነው፤ ድንጋጌው ግን አሁንም እንዲሁ ተጽፎ ይገኛል።

ብድሩ ከተወሰደ በኋላ የሚያሳስበው አደጋ ክፍያ መቋረጡን ሳያውቁ መቅረት ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል። በውሉ ላይ የሰፈረው አድራሻ የወኪሉ ብቻ ከሆነ ማስጠንቀቂያው እሱ ዘንድ ደርሶ እርስዎ ሳይሰሙ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የውጭ አድራሻዎና ኢሜይልዎ በውሉ እንዲገቡ፣ የብድር ሒሳቡ መግለጫም በየወሩ በቀጥታ እንዲደርስዎ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ይስማሙ።

ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ከባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ይወሰዳል፤ በደብዳቤውም መሠረት በካርታው ወይም በሊብሬው ላይ የተመዘገበው እግድ እንዲነሳ፣ በተንቀሳቃሽ ንብረት መዝገብ የሰፈረው ዋስትናም እንዲሰረዝ ይደረጋል። ውክልናውንም በዚያው ሰሞን ይሻሩ፤ የመሻሪያውን ቅጂ ለባንኩ በጽሑፍ ያድርሱ።